ዳልቻዋን መልሱልኝ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላል የአገሬ ሰው። የእኔ ጉድ ግን መስከረምን የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም፤ በጥር መጣ።

ቀኑ ጥር 23 ነው። ለአዊ ሰው ይህን ቀን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልንገረው። በ1932 የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እንጅባራ ላይ በዓሉን የሚያከብርበት ዕለት ነው። ለአድዋ የዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰባሉ፣ ፈረሱ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ ይወጣል፣ ጊዮርጊስም ነው። ዘንድሮ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ጥርባ ቀረሁ። ፈረሴን ጉራቼን ደጅ አስሬዋለሁ። እሱም ወደ እንጅባራ እያየ፣ እኔም ወደ እንጅባራ እያየሁ፣ ሁለት ጡረተኞች ተቀምጠናል።

ስልኬ ጮኸ። እንጅባራ የሚኖረው የመጨረሻው ልጄ ነው። ከኋላው የፈረስ ኮቴ፣ ዘፈን፣ እልልታ ይሰማል። ኔትወርኩም እንደ ልማዱ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አባዬ፣ ተገላገለች! ሴት ናት! …ዊ ብለናታል!»

«ማን?»

«…ዊ! …ዊ!»

እስቲ ፍረዱኝ። በጥር 23፣ እንጅባራ ላይ፣ በፈረስ ኮቴ መካከል የተወለደች የአገው ልጅ ስሟ «ዊ» ብሎ ካለቀ መጀመሪያው ምን ሊሆን ነው? አዊ ነዋ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰባት ልጅ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ በየአቅጣጫው ታቅፌ፣ የወገኑን ስም የያዘ አንድ እንኳ አላየሁም ነበር። ደስታው ራሴን አዞረኝና ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ፦

«ዳልቻዋ ጊደር የእሷ ናት!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ይኸ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ጥርባን ዞርኳት። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ሻይ ቤት ያልነገርኩት ሰው የለም። «የልጅ ልጄ አዊ ተባለች!» እላለሁ። «አዊ የሚባል የሰው ስም አለ እንዴ?» የሚለኝ ሲኖር፣ «ከጥር 23 ጀምሮ አለ!» እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን ቅቤዬንና ማሬን አንጠልጥዬ እንጅባራ ገባሁ። ምራቴ አራስ ቤት ተጋድማለች፤ ገንፎው ይሸታል። ሕፃኗን ታቀፍኳትና፣ «አዊዬ! የአገሬ ስም!» አልኩ።

ምራቴ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ሀ ነው፤ ሀዊ» አለችኝ።

«ሀ?»

«ሀ።»

የ34 ዓመት መምህርነት በቀላሉ አይለቅም። «ሀሌታው ሀ ነው፣ ሐመሩ ሐ ነው ወይስ ብዙኃኑ ኀ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንዱም አይደለም አባባ። በላቲን ነው የሚጻፈው፣ በቁቤ። ኦሮምኛ ነው፤ ምኞት ማለት ነው።»

ቅቤው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ምራቴ እንደኛው አገው ናት፤ አባቷንም አያቷንም አውቃለሁ፤ ዘሯ ውስጥ ወለጋን ያየ ሰው የለም። የተማረችው ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶርም ውስጥ ከእሷ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ የወለጋ ልጅ ነበረች፤ ስሟ ሀዊ። በመጀመሪያው ዓመት ምራቴን ወባ ሲጥላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቅ እያረጠበች ግንባሯ ላይ ስታኖር ያደረች እሷ ናት። የዚያን ሌሊት ምራቴ፣ «ሴት ልጅ ከወለድኩ ያንቺን ስም» ብላ ቃል ገባች።

መልካም። ውለታ ይመለስ፤ ማን ጠላ? ግን የአገሬ ሰው ለውለታ ጋቢ ይልካል፣ ማር ይልካል። የእኔን የልጅ ልጅ ስም አሳልፎ መስጠት ምን የሚሉት ፖስታ ነው?

እንግዲህ ስለ ስም የማወራው ዝም ብዬ አይደለም። 34 ዓመት በጠመኔ አቧራ ውስጥ ቆሜ ስም ጠርቻለሁ። እንደ ስም መጥሪያ መዝገብ የአገር ታሪክ የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም። ሥራ ስጀምር መዝገቤ ላይ የነበሩት ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ልጅ ጀርባ የሞተ ወንድም ወይም የሞተች እህት ይታያችኋል። አንዳርጌ የሚባልም ነበር። አትንኩት የሚባል ልጅም ነበረኝ። አትንኩትን መቅጣት እንዴት እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ያስተማረው ብቻ ነው፤ አለንጋውን አንስቼ ስሙን ስጠራ ራሴን በራሴ እከለክላለሁ።

ከዚያ ደርግ መጣና አብዮት የሚባሉ ልጆች በዙ። የእኔው አብዮት ሁልጊዜ ያረፍድ ነበር። ቀጥሎ ሰላም የሚባሉ መጡ። «ሰላም?» ብዬ ስጠራ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቀሪ!» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ የቀልድ ነገር አይመስለኝም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይቆረቁረኛል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱ በካርታው በኩል ተከፈተ። ቤተልሔም፣ ናዝሬት፣ ኢየሩሳሌም፣ ዮርዳኖስ፣ ሄርሞን። ከልጅ ልጆቼ አራቱ የዚያ አገር ከተማና ወንዝ ናቸው። ለፋሲካ ሁሉም ጥርባ ሲሰበሰቡ ምሽት ላይ ደጅ ቆሜ፣ «ናዝሬት! ቤተልሔም! ኢየሩሳሌም!» እያልኩ ስጠራ የሰማኝ መንገደኛ የአውቶቡስ ረዳት መስዬው ሻንጣውን ይዞ ተጠግቶኛል። ቅዱስ ስም መሆኑ ይገባኛል። ግን ዮርዳኖስን ያህል ውሃ ተሻግረን ስንቀዳ፣ ያን የመሰለ ክብ ሐይቅ እዚሁ ደጃችን ተኝቶ ልጁን ዘንገና ያለ አንድ አባት የለም።

ይህን ሁሉ ለልጄ አራስ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አወረድኩበት። ጨርሶ ሰማኝና፣ «እሺ አባዬ፣ እንቀይራት። የአገውኛ ስም ስጠን» አለኝ።

በሉ እንግዲህ። አፌን ከፈትኩ። አገውኛ የተናገርኩት ከአማርኛ በፊት ነው፤ በአገውኛ አልቅሻለሁ፣ በአገውኛ ከብት አግጃለሁ። ታዲያ በዚያች ሰዓት ምላሴ ላይ የመጣው የከብት መጥሪያና የስድብ ቃል ብቻ ሆነ። ለሕፃን የሚሆን አንድም አልነበረበት።

ወደ ጥንት ሄድኩ። «ሰባቱ አገውስ?» አልኩ። በአፈ ታሪካችን ከላስታ መጡ የሚባሉት ሰባት ወንድማማቾች፦ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም። ሰው ስም የሚያወጣ እንዲህ ነው! ስማቸው ከመቃብር በላይ ውሎ፣ አድሮ፣ አገር ሆነ። ልጄ ግን ሳቀ። «አባዬ፣ ችግሩ እኮ አገር መሆናቸው ነው። ባንጃ ብዬ ላስመዝግባት ብሄድ ጸሐፊዋ፣ የትውልድ ቦታ የሚሞላው ከታች ነው፣ እዚህ ጋ ስም ጻፍ ነው የምትለኝ።» ደግሞም ሕግ ጠቀሰብኝ፤ በአዋጅ 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባልና ሰባቱ ወንድማማቾች እስኪታረቁ መጠበቅ አንችልም አለኝ።

«እንግዲያው ላሊበላ!» አልኩ። ይህን መቼም አይረታኝም ብዬ ነው። የዛጔ ነገሥታት አገው ናቸው። ሕፃኑን ንብ ከብቦት ባየች ጊዜ እናቱ «ላሊበላ» አለች ይባላል፤ ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት ማለቷ ነው። ላል በአገውኛ ንብ ናት። ኋላ የዙፋን ስሙ በግእዝ ገብረ መስቀል ሆነ፤ ነገር ግን ዓለም 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያውቀው እናቱ ባወጣችለት ስም ነው። አያችሁ፣ አንዲት አገው እናት በአንድ ቃል ያን ሁሉ ቋጥኝ ተሸክማለች!

ልጄ ትንሽ ዝም አለ። ረታሁት ብዬ ጺሜን ዳሰስኩ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ ለሴት ልጅ ነው። ደግሞ ላሊበላ ብንላት ጎህ ሲቀድ ከሰው በራፍ ቆማ የምታዜም ነው የሚመስላቸው» አለኝ።

በንዴት ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ባለቤቴ ስትሰማኝ ቆይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስምህ ማነው?» አለችኝ።

«ጠፋሽ እንዴ? ቢያድግልኝ!»

«እሱስ አገውኛ ነው?»

እዚህ ላይ ስለ ስሜ መናገር ግድ ሆነብኝ። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሦስቱ ሳይድኹ ሞቱ። እናቴ እኔን ስትወልድ ስም አላወጣችም፤ ልመና ነው ያወጣችው። ቢያድግልኝ! ይኸው 71 ዓመቴ ነው፣ አሁንም ሰው ሲጠራኝ እንዳድግ እየለመነ ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። እናቴ አማርኛ ገበያ ላይ ለመሸጥና ለመግዛት ያህል እንጂ አታውቅም ነበር። ሲከፋትም ሲደሰትም በአገውኛ ነው። ታዲያ የሕይወቷን ትልቁን ልመና ለምን በአማርኛ አቀረበችው? ዳኛው በአማርኛ፣ ግብር ሰብሳቢው በአማርኛ፣ ቄሱ በአማርኛ ሲሆኑባት እግዜርም እንደ ወረዳ ገዢው አማርኛ ብቻ የሚሰማ መስሏት ይሆን? አልጠየቅኋትም። ዛሬ ልጠይቃት ብል የለችም።

የክርስትና ስሜ ደግሞ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ጊዮርጊስስ የጥርባ ልጅ ነው? ቃሉ የጽርእ ነው፤ ገበሬ ማለት ነው። ባለቤቴም አልቀረላትም፤ ትርንጎ ትባላለች። «የአንቺስ ስም ቢሆን ከእስያ የመጣ ፍሬ አይደለም?» አልኳት። «እኔ መቼ ጮህኩ?» ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ልጄ ይህን ከእናቱ ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ በስልክ ትምህርት ጀመረልኝ። አበበ ቢቂላን አነሳብኝ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ መጨረሻ ቀን ላይ፣ ሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ስንት አገር ያስነሣ ሰው! «ቢቂላ በኦሮምኛ በቀለ እንደማለት ነው፤ አበበ ደግሞ አማርኛ ነው። አባቱ በኦሮምኛ በቀለ፣ ልጁ በአማርኛ አበበ። ያኔ በራዲዮ ስትሰሙ የማን ቋንቋ ነው ብለህ ጠይቀሃል?» አለኝ። አልጠየቅሁም። አባቴ ጋቢውን ወደ ላይ ሲወረውር ነው የማስታውሰው።

«ኃይሌ ገብረሥላሴስ? አርሲ፣ አሰላ ተወልዶ ስሙም የአባቱም ስም ከግእዝ የወጣ ነው» አለ። ቀጥሎ ባሕር ተሻገረ። ጃማይካዊው ቦብ ማርሊ በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ ልጁም ማክዳ ትባላለች አለኝ።

«እሱማ የኛን ስለወሰደ ነው!» አልኩ።

«አየህ አባዬ! የኛን ሲወስዱ ኩራት፣ እኛ ስንወስድ ኪሳራ!»

ስልኩን ዘጋሁበት። ኔትወርክ ነው ብዬዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን በማግስቱ የላከው መልእክት ነው። «አባዬ፣ አገውኛና ኦሮምኛ ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። አማርኛና ግእዝ ሴማዊ ናቸው። ስለዚህ ለአያትህ ቋንቋ ከቢያድግልኝ ይልቅ ሀዊ ትቀርባለች» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚያበሳጨው ሐሰት መሆኑ አይደለም። የሚያበሳጨው፣ ይህንኑ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በዛፍ ቅርንጫፍ ሥዬ ያስተማርኩት እኔው መሆኔ ነው። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲገለብጥ የነበረውም ይኸው ልጅ ነው። እህል ዘርተህ እሾህ ማጨድ ይባላል፤ እኔን ግን የወጋኝ የዘራሁት እህል ራሱ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን፣ በሰማንያ ቀኗ፣ ክርስትና ተነሣች። በጊዮርጊስ ዕለት ተወልዳለችና ወለተ ጊዮርጊስ ተባለች። እኔም ካህኑን ዞር አድርጌ፣ «አባታችን፣ ይህ ሀዊ የሚሉት ነገር አይከብድም?» አልኳቸው። «ቤተ ክርስቲያን ስሟን ሰጥታለች። በእናቷ ቤት የሚጠራው የእናቷ ነው» አሉኝ። ከካህንም ረዳት አጣሁ።

በዚህ ጊዜ አንድ መላ ብቻ ቀረኝ፤ ዳልቻዋ። ስጦታው የተሰጠው አዊ ለምትባል ልጅ ነው። አዊ የምትባል ልጅ የለችም። ስለዚህ ስጦታው ፈራሽ ነው። በሕግም፣ በሃይማኖትም፣ በከብት አገርም ያስኬዳል። ከክርስትናው ድግስ በኋላ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጬ አቤቱታዬን አሰማሁ፤ የፎገራን ሜዳ ያህል ረዥም ንግግር አደረግሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠላው ጥሩ ስለነበር ይሁን ነገሬ ገብቷቸው አላወቅሁም።

ልጄ ተነሣ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ጊደሯ ማን ትባላለች?»

«ዳልቻ!» አልኩ፤ እያወቀ።

«በር ላይ የታሰረውስ ፈረስ?»

«ጉራች!»

ምራቴ ሕፃኗን እያጠባች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ በዚያች ቀስ ባለች ድምፅዋ፣ «አባባ፣ በኦሮምኛ ዳለቻ ማለት ግራጫ ነው። ጉራቻ ደግሞ ጥቁር። ሀዊ ናት ያስተማረችኝ» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጠላው ትን እስኪለው ሳቀ። «እንዴ አያ ቢያድግልኝ! ለጊደርዎና ለፈረስዎ ስም ሲያወጡ ማንን አማከሩ?» አለኝ። ማንንም አላማከርኩም። አባቴም እንዲሁ ይል ነበር፣ የአባቴ አባትም። ከብት ነጋዴ ከየት እንዳመጣው ማን ያውቃል? ስሙ ከከብቱ ጋር ነድቶ መጥቶ በረታችን ገብቷል፤ ስንት ዘመን አብሮን ሲያድር ማንነቱን የጠየቀው የለም።

ፍርድ ተሰጠ። ዳልቻዋ የሕፃኗ ናት። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ እኔንም ባዶ እጄን ላለመስደድ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ጊደሯ ከብዳለችና የመጀመሪያ ጥጃዋን ስም የማወጣው እኔ ነኝ፤ በአገውኛ ብቻ። አጨበጨቡልኝ። ቅጣት መሆኑን የተረዳሁት ሌሊት ነው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንደኛ ደረጃ የምትማር የጎረቤቴን ልጅ በማስቲካ እየደለልኩ በአገውኛ መጽሐፏ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ አስነብባታለሁ። ለሰባት ልጆቼ አንድ ሌሊት እንኳ ያልነቃሁለትን ለጥጃ ነቅቼ አድራለሁ። እነሱን ሰይም በተባልኩ ጊዜ ወረዳ የሚገባው፣ ፈተና የሚያልፍ፣ መዝገብ ላይ የሚያምር ስም ፈለግሁ። ጥጃ ፈተና አይቀመጥም። ለዚህ ነው መሰለኝ አገውኛ የተፈቀደለት።

ልጅቷ ደግሞ አድጋ መሳቅ ጀምራለች። ባለቤቴ «ሀዊዬ!» ትላታለች፤ ከተማው ሁሉ ሀዊ ይላታል፤ ያቺ የወለጋ ልጅም ዜናውን ሰምታ በስልክ አልቅሳለች አሉ። እኔ ግን ሳቅፋት በጆሮዋ «አዊ» ነው የምላት። ልጄ ሲሰማኝ፣ «ሀ በል እንጂ አባዬ!» ይላል።

«ጥርሴ ወልቆ ነው፤ ሀ አልወጣልኝ አለ» እለዋለሁ።

«ሀ እኮ በጥርስ አይወጣም፤ የጉሮሮ ፊደል ነው!»

34 ዓመት ሀ ሁ ያስቆጠርኩ ሰው ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው?